ፍቅፋቂው የባለማሽኑ ነው

ሮይስ ካሊፐሩን፣ የውፍረት መለኪያውን፣ ከመሳቢያው ያወጣው ሚስቱ ግሌኒስ ልብስ ልታሰጣ ወደ ጓሮ ከወጣች በኋላ ነው። ካየችው እንደምትስቅበት ያውቃል። አዲሱን መደርደሪያ ከግድግዳው ፈታ፣ የካሊፐሩን መንጋጋ በጠርዙ ላይ አጥብቆ ቁጥሩን አነበበ። አሥራ ሰባት ሚሊሜትር። ሌላኛውን ጫፍ ለካ። አሥራ ሰባት። ጣውላውን የላገለትን ክላይቭን የጠየቀው አሥራ ዘጠኝ እንዲያደርግለት ነበር፤ ክላይቭም "አሥራ ዘጠኝ፣ እንዳዘዝከው" ብሎ ነበር ያስረከበው።

አምና ያስላገው የአግዳሚ ወንበር ጣውላም እንዲሁ ቀጥኖ ነበር። ያኔ ራሱ ተሳስቶ የጠየቀ መስሎት አለፈው። ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን ግን ሰው ማሰብ ይጀምራል፣ ሮይስም ማሰብ ጀመረ።

ከሁዎን ወንዝ ዳር ባለችው በዚያች መንደር የውፍረት መላጊያ ማሽን ያለው ክላይቭ ብቻ ነው። ሻካራውን ጣውላ በአንድ በኩል ታጎርሰዋለህ፣ በሌላው በኩል ለስልሶ በፈለግኸው ውፍረት ይወጣል። ጓሮው ውስጥ ወንበር የሚሠራ፣ ጀልባ የሚጠግን፣ የወፍ ቤት የሚገጣጥም ሁሉ ጣውላውን ተሸክሞ ወደሱ ይሄዳል። ለሥራው ገንዘብ ማቅረብ ነውር ነው። ደንቡ የቆየ ነው፤ ፍቅፋቂው የባለማሽኑ ነው። የተራ ጥድ ፍቅፋቂ ዶሮ ቤት ከመነጠፍ አያልፍም። የሁዎን ጥድ ፍቅፋቂ ግን ሌላ ነገር ነው። ያ እንጨት ከተቆረጠ ከስንት ዘመን በኋላም ሽታው አይለቀውም፤ ፍቅፋቂውን በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ቋጥረው ከሱፍ ልብስ መሃል ሲያኖሩት ብል አይደርስበትም። ቅዳሜ ገበያ ላይ እንግዳው ሁሉ ይሻማበታል። ዛፉን መቁረጥ ከተከለከለ ቆይቷል፤ አሁን ያለው ከወንዝና ከሐይቅ ሥር የሚለቀም፣ ወይም እንደ ሮይስ መደርደሪያ ከአሮጌ ጀልባ የሚነቀል ብቻ ነው።

ሂሳቡ ለሮይስ ቀላል ሆኖ ታየው። ጣውላው በቀጠነ ቁጥር ፍቅፋቂው ይበዛል።

"አንተ ሰውዬ፣ መደርደሪያዬ ምን አደረገህ?" ግሌኒስ ባዶ ቅርጫቷን በወገቧ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

"ሁለት ሚሊሜትር ጎድሏል።"

"ማሰሮዎቼ ቅር አላላቸውም።"

"ያንቺ ወንድም ነው የበላው።"

"ክላይቭ እንጨት መብላት ጀመረ? እኔ ደግሞ እራት ስጠራው አልመጣ ያለኝ ለምን እንደሆነ ገርሞኝ ነበር።"

ሮይስ አልሳቀም። ሐሳቡ ከመደርደሪያው አልፎ አልጋው ሥር ከተኛው ሳንቃ ላይ ነበር። ያንን ሳንቃ አባቱ ከጎርፍ በኋላ ከወንዙ አሸዋ ውስጥ ቆፍሮ ያወጣው የሁዎን ጥድ ነው፤ አንድ ወጥ፣ ሰፊ፣ ቋጠሮ የሌለበት። አባቱ ራሱ የሠራት ጀልባ የኋላ ሳንቃዋ በስብሶ ጋራዥ ውስጥ ተገልብጣ ከተቀመጠች ሰንብታለች። ልጁ ብሮንዊን መቅዘፍ የተማረችባት ናት። ዘንድሮ ለገና ከዳርዊን ከተማ ልጆቿን ይዛ ስትመጣ ጀልባዋ ውኃ ላይ ሆና እንድትጠብቃት ሮይስ ቆርጦ ተነስቷል። የኋላው ሳንቃ ሞተር ይሸከማል፤ ሃያ ሚሊሜትር መሆን አለበት። ሻካራው ሳንቃ ደግሞ ከሃያ ብዙም አይርቅም። ከሃያ ከወረደ ሞተሩን አይችልም፣ ሌላ እንዲህ ያለ ሳንቃ ደግሞ የትም አይገኝም።

"የራሴን ማሽን ልገዛ ነው" አለ።

"ለአንድ ሳንቃ?"

"ለዚያ ሳንቃ።"

በማግስቱ ጠዋት ክላይቭ ሳያንኳኳ ገባ። ከእህቱ በብዙ ዓመት ይበልጣል፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ፊቱ የተላገ የሚመስል ሽማግሌ ነው። "ማሽን ልትገዛ ነው አሉ። ያለ እኔ?"

ሮይስ ወደ ሚስቱ ዞረ። ግሌኒስ የጸዳውን የዕቃ ማጠቢያ እንደገና ትፈትግ ነበር።

"ላስቸግርህ አልፈለግሁም" አለ ሮይስ።

"ከዚህ እስከ ሆባርት ያሉ ሻጮች እንዳንተ ያለውን ጨዋ ሲያዩ ምራቃቸውን ነው የሚውጡት። ተነስ።"

"እንግዲያስ በአንተ መኪና እንሂድ። ማሽን ይጭናል።"

"ጎማዬ ልክ አይደለም። በአንተው ይሻላል።"

ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው። አንዴ ጎማ፣ አንዴ ጉልበት፣ አንዴ ባትሪ። ክላይቭ መኪናውን ካስነሳ ስንት ጊዜው ነው? ነዳጁ ሁሉ የሮይስ ነው። ሮይስ ይህንንም ከመደርደሪያው ጋር ደመረው።

ሆባርት ከተማ ያለው ሱቅ ውስጥ አንድ ፈገግታው የማይጠፋ ወጣት ሻጭ ተቀበላቸው። ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ማሽን አሳያቸው፤ ሰማያዊ፣ የምታብረቀርቅ። ክላይቭ አፍንጫው ሊነካት ምንም እስኪቀር ጎንበስ ብሎ ዞራት። ዓይኑ ግን ማሽኗ ላይ ሳይሆን አጠገቧ ያለ ነገር ላይ ያረፈ ይመስል ነበር። "ሮይስ፣ እዚህ ምን ይላል?"

"ራስህ አታነብም?"

"መነጽሬን መኪናው ውስጥ ትቼዋለሁ። አንብብልኝ እንጂ፣ ትምህርት ቤት ሄደህ የለም?"

ሮይስ አነበበ፤ ሻጩ ፊት እንደ ጸሐፊ መታዘዙ አናደደው። ሻጩ ሙከራ ጣውላ አጎረሰ፣ ማሽኗም ጅራቷን እንደረገጧት ድመት ጮኸች። ጣውላው ሲወጣ ክላይቭ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

"ጫፉን በልታዋለች" አለ። "እዚህ ጋ ጣትህን አሳርፍ።"

ሮይስ አሳረፈ። እውነት ነው፤ ጣውላው ሊያልቅ ሲል አንዲት ስስ ዝቅታ ነበረች።

"ትንሽ ነገር ናት" አለ ሻጩ። "ሰዉ ሁሉ ጫፉን ቆርጦ ይጥላል።"

የሮይስ ሳንቃ የሚጣል ጫፍ የለውም። ርዝመቱ ልክ የጀልባዋን የኋላ ስፋት የሚያህል ነው።

"ደግሞ ቁጥሮቹን የጻፋቸው ጉንዳን ነው" አለ ክላይቭ እየወጣ። "ማን ያያቸዋል?"

"እኔ አያቸዋለሁ" አለ ሮይስ።

ክላይቭ ወደ መኪናው አመራ።

ሁለተኛው ማሽን በመልስ መንገዳቸው ላይ፣ ወይዘሮ ፔንጌሊ የሚባሉ አሮጊት ጋራዥ ውስጥ ነበር። የሟች ባላቸው ነው፤ ከባድ፣ የብረት፣ ሁለት ሰው የማያነሳው። ሮይስ ገና ሲያየው ልቡ አዘነበለ። ወይዘሮዋ ማሽኑን አስነሱ፤ ድምፁ ዝቅ ያለና እኩል ነበር። የሙከራ ጣውላ ሲያጎርሱትም ጫፉን አልበላም። ክላይቭ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፣ አሁንም ጣውላውን በጣቱ ዳሰሰ፣ መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"እናቴ" አላቸው፣ "ስለቱ ምስማር ነክሷል።"

"ባሌ ምስማር የሚያስነክስ ሰው አልነበረም!"

"ከሞቱ በኋላ ማን ተጠቀመበት?"

አሮጊቷ ማሽኑን አጠፉ። ከዚያ "የልጄ ባል" አሉ፣ ስሙን ሳይጠሩ።

ሮይስ ጣቱን አሳለፈ፤ በጣውላው ርዝመት አንዲት ፀጉር የምታህል ጉብታ ተዘርግታ ነበር። ስለቱ በተሸረፈበት ቦታ እንጨቱ ሳይላግ ይቀራል፤ የሚያልፈው ሳንቃ ሁሉ ያንን መስመር ተሸክሞ ይወጣል።

"ስለት ይቀየራል" አለ ሮይስ።

"ከተገኘ። ይህን ስለት ያመርት የነበረው ሰው ካንተም ከኔም በፊት ተቀብሯል። እናቴ፣ ላሞኝዎት ብዬ አይደለም።"

"የነገርከኝ ይሻላል" አሉ ወይዘሮዋ። "እኔም ሰው ማሞኘት አልፈልግም።"

መኪናው ውስጥ ሮይስ ማሽኖቹን እያሰላሰለ ነዳ። ክላይቭ ያገኛቸው ጉድለቶች እውነተኛ ነበሩ፤ ይህን መካድ አልቻለም። ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ሐሰት ቢሆኑ ነገሩ ይቀላል። ጉድለት የሌለው ማሽን የት አለ? ሁሉን ማሽን በእውነተኛ ጉድለቱ ጥሎ ጥሎ፣ በመጨረሻ የሚቀረው የማን ማሽን ነው?

ልክ ይህን ሲያስብ ክላይቭ ተናገረ። "ገና ደርሷል። ሳንቃውን ወደ እኔ አምጣው። እኔ እልግልሃለሁ።"

ሮይስ መሪውን አጥብቆ ያዘ። "አስብበታለሁ" አለ።

ያሰበው ግን ሌላ ነገር ነው። በነጋታው ከሰዓት በኋላ ሳንቃውን አልጋው ሥር ትቶ፣ አንድ ተራ የጥድ ጣውላ በትከሻው፣ ካሊፐሩን በኪሱ ይዞ ወደ ክላይቭ ወርክሾፕ ወጣ። በሩ ላይ የክላይቭ መኪና ቆሟል። ጎማዎቹ አራቱም ደህና ነበሩ። የፊት መስታወቱ ላይ ግን ቅጠል ተከምሮ በዝናብ ተጣብቋል።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለ ክላይቭ ጣውላውን እየዳሰሰ።

"ለመደገፊያ ነው። ከዋናው በፊት ይሄን ሃያ አድርግልኝ።"

ክላይቭ ወደ ማሽኑ ሄደ። ትልቅ አረንጓዴ ማሽን ነው፤ ከጎኑ በቆመ ምሰሶ ላይ የነሐስ ማስመሪያ አለ፣ መዘውሩ ሲዞር ቀይ ጠቋሚ ቁጥሮቹን እያለፈ ይወርዳል። ክላይቭ መዘውሩን እስከ ላይ አወጣው፣ ከዚያ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ማውረድ ጀመረ። ሮይስ የሚያንጎራጉር መሰለው።

"ብሮንዊን መቼ ነው የምትገባው ያልከኝ?" አለ ክላይቭ መሃል ላይ። ከዚያ ወዲያው ፊቱን አጨማደደ፣ ትንሽ ቆመ፣ እንደገና ማዞር ቀጠለ።

"ሐሙስ።"

"መልካም። ሃያ።" ማሽኑን አስነስቶ ጣውላውን አጎረሰ። ፍቅፋቂው በነጭ ጥቅልል ተወርውሮ እግራቸው ሥር ተከመረ።

ሮይስ ጣውላውን ከወዲያ በኩል ተቀበለ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ካሊፐሩን አወጣ። ጠርዙን ለካ። አሥራ ስምንት እንኳ አልሞላም።

"ማሽኑን አጥፋው!"

ክላይቭ አጠፋው። "ምን ሆንክ?"

"አሥራ ስምንት አይሞላም።"

"ሃያ ነው።"

"ካሊፐር ይዣለሁ፣ ክላይቭ!"

"ወደ ቤቴ ካሊፐር ይዘህ መጣህ?" የክላይቭ ድምፅ ዝቅ አለ። "እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ?"

ሮይስ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቡ ካገኘው ምሰሶ ላይ ወረወረው፤ ንዴት አሙቆታል። ከዚያ ዓመቱን ሙሉ የደመረውን አፈሰሰው። አግዳሚ ወንበሩን፣ መደርደሪያውን፣ ሁልጊዜ የሚታመመውን ጎማ፣ ሆባርት ላይ እንደ ጸሐፊ የተጠቀመበትን። "እኔ ማሽን እንዳልገዛ ነው! ፍቅፋቂው እንዳይቀርብህ! የአባቴንም ሳንቃ ለከረጢት ልታደርገው ነው የጠራኸኝ። ሰው ሁሉ አንተን አምኖ ይመጣል፣ አንተ ደግሞ ሁለት ሁለት ሚሊ እየቀነስክ ቅዳሜ ገበያ ትሸጠዋለህ!"

"ጨረስክ?"

"አልጨረስኩም። ውሸታም ነህ። አሁን ጨረስኩ።"

ክላይቭ ፊቱ ቀልቷል። ወደ ማሽኑ ጎን ተራመደ፣ ወደ ምሰሶው አንገቱን አሰገገ፣ ጣቱን ቀስሮ ጠቆመ። "ይኸው! ጠቋሚው ሃያ ላይ ነው ያለው። ፍንክች አላለም። ና ራስህ እይ!"

ሮይስ መጣ፣ አየም። የክላይቭ ጣት የሚጠቁመው ግራጫውን ባርኔጣ ነበር። ማስመሪያው፣ ቁጥሩ፣ ቀዩ ጠቋሚ፣ ሁሉም የሮይስ ባርኔጣ ሥር ነበሩ።

ክላይቭ አሁንም እየጠቆመ ነው። "አየኸው?" ይላል። "አየኸው አይደል?"

"ክላይቭ" አለ ሮይስ ቀስ ብሎ። "ባርኔጣዬ የት ነው ያለው?"

ክላይቭ አንገቱን ወደ ምሰሶው ይበልጥ አሰገገ። ከዚያ ጣቱን ጥቂት ወደፊት ገፋ። ጨርቁን ነካ። እጁን ወዲያው አልመለሰም፤ የባርኔጣውን ጠርዝ ይዞ ቆየ፣ እንደ ጣውላ ዳሰሰው።

"እርጉም ባርኔጣ" አለ በመጨረሻ።

ሁለቱም ጣውላ ክምሩ ላይ ተቀመጡ። ውጭ ጥቁር በቀቀኖች ከዛፍ ዛፍ እየተጯጯሁ አለፉ።

"መሃሉ ነው የሚጠፋኝ" አለ ክላይቭ። "ዳር ዳሩ ደህና ነው። አሁን ቀጥ ብዬ ሳይህ ሁለት ጆሮ ብቻ ነው ያለህ። ኪሳራ የለውም፤ መሃሉም ያን ያህል አልነበረም።"

"ሐኪም አየህ?"

"አየኝ። አይመለስም አለኝ። ቁጥሩን ማንበብ ሲያቅተኝ የመዘውሩን ዙር መቁጠር ጀመርኩ። ማንም ካላናገረኝ አልሳሳትም።"

ክላይቭ መሃል ላይ ስለ ብሮንዊን ጠይቆ ፊቱን ማጨማደዱን ሮይስ አስታወሰ። የክላይቭ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ያንጎራጎረ መስሎት ነበር።

"መኪናውስ?"

"ከመጋቢት ወዲህ አልነካሁትም። ሰው አልገድልም፣ ሮይስ፣ እንዲህ ያለ ሽማግሌስ አይደለሁም። ግን መንጃ ፈቃዴን ከነጠቁኝ ልጄ ወዲያው ላንሰስተን ከተማ ወስዳ አረጋውያን ቤት ታስገባኛለች። ይሄ ሁሉ ይሸጣል።" በእጁ ወርክሾፑን አመለከተ፤ እጁ ያመለከተው ግን በሩን ነበር።

"ፍቅፋቂውስ?"

ክላይቭ አንገቱን ወደ ጣራው ሥር ቆጥ ቀና አደረገ። ሮይስ ተንጠራርቶ አየ። ጆንያ በጆንያ ላይ ተደርድሯል፣ እስከ ጣራው ድረስ፤ ሽታው አፍንጫን ይሞላል። "ድሮ ለቤተ ክርስቲያን ባዛር እወስደው ነበር። አሁን ማን ይወስደኛል? አንተ እንዳትሆን ነዳጅ ትቆጥራለህ።"

ሮይስ ጆሮው ጋለ። ይቅርታ ሊል ፈልጎ ከአፉ የወጣው ሌላ ነው። "ሁለት ሥራ አበላሽተህብኛል እኮ። ለምን አልነገርከኝም?"

"አንተስ? አግዳሚው ሲቀጥን ያኔውኑ ብትነግረኝ ኖሮ ቆጠራው እንደማያዋጣ አውቅ ነበር። ዓመት ሙሉ አፍህን ዘግተህ ቂም ስታቦካ ከረምክ። ሳንቃህን አምጣ ያልኩህ እኮ በቀስታ፣ በብዙ ዙር፣ ሰው ሳይኖር ልሠራልህ አስቤ ነው።"

"ቢበላሽስ?"

ክላይቭ አንድ እፍኝ ፍቅፋቂ ከመሬት አነሳ። "እሱን አላሰብኩበትም" አለ። "አይ፣ ውሸት ነው። አስቤበታለሁ። ፈርቼ ነበር።"

ይህ ለሮይስ ከይቅርታ በላይ ሆነለት። እጁን ዘረጋ። "የመኪናውን ቁልፍ ስጠኝ።"

"አልነዳም አልኩህ።"

"አምንሃለሁ። ግን ስጠኝ። ገና ካለፈ በኋላ ለግሌኒስ አንተው ትነግራታለህ። ገበያና ሐኪም ቤት እኔ አደርስሃለሁ፤ ልጅህ ከመጣች ከሷ ጋር እኛ እናወራለን። በዓይንህ ምክንያት ብቻ ማንም ከዚህ ቤት አያስወጣህም።"

"እምቢ ካልኩህስ?"

"ዛሬውኑ እኔ እነግራታለሁ።"

ክላይቭ አጉተመተመ። ከዚያ ተነስቶ፣ ሳይዳብስ፣ ቀጥ ብሎ ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ቁልፉን አወረደና ሰጠው።

ሮይስ ወደ ቤቱ ወርዶ ሳንቃውን ከአልጋው ሥር ሲጎትት ግሌኒስ ከኩሽና ጮኸች። "ማሽን መረጥክ?"

"መርጫለሁ!"

"ሰማያዊዋን ነው የብረቱን?"

"አረንጓዴውን!"

ግሌኒስ ብቅ ብላ አየችው፣ ምንም ሳትጠይቅ የሳንቃውን አንድ ጫፍ ይዛ በሩን አሳለፈችለት።

ወርክሾፑ ሲመለስ ሮይስ ባርኔጣውን ከምሰሶው አንስቶ ኪሱ ውስጥ ሸጎጠ። ሮይስ ቁጥሩን ሊያነብ፣ ክላይቭ ሳንቃውን ሊያጎርስና ሊያዳምጥ ተስማሙ። በእያንዳንዱ ዙር ክላይቭ አንገቱን ዘንበል አድርጎ የስለቱን ድምፅ ሰማ፤ አንዴ "ቁም፣ የእንጨቱ ክር ዞሯል፣ በሌላ ጫፉ እናስገባው" አለ። ሮይስ ምንም አልታየውም ነበር፤ ቢሆንም አዞረው፤ ስለቱ ከዚያ በኋላ ድምፁ ለሰለሰ። ቢጫው እንጨት ከግራጫው ቆዳ ሥር ቀስ በቀስ ወጣ። ሃያ አራት። ሃያ ሁለት። ሃያ አንድ።

"አሁን?" አለ ክላይቭ።

"ትንሽ ቀርቷል። በጣም ትንሽ አውርድ። በቃ!"

ሳንቃው ለመጨረሻ ጊዜ አለፈ። ማሽኑ ሲጠፋ ወርክሾፑ በእንጨቱ ሽታ ተሞልቶ ጸጥ አለ። ሮይስ ካሊፐሩን ከኪሱ አወጣ፤ የብረቱ መንጋጋ ቀጭ ሲል ክላይቭ ሰማው።

"አሁንም ያንን ነገር ይዘሃል?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው።"

"ስንት ይላል?"

"ሃያ።"

ክላይቭ አንገቱን አዘነበለ። ቅንድቡን ሰበሰበ። "እርግጠኛ ነህ?"

"ና ራስህ እይ" አለ ሮይስ።

ክላይቭ ሳቀ፣ ቢሆንም አላመነም። ወደ ሳንቃው ተጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ፣ ጠርዙን በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ መሃል ይዞ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው፣ ቀስ እያለ፣ ሲፈትሽ ሄደ። ሮይስም ካሊፐሩን ይዞ እስኪጨርስ ጠበቀው።